የደቻቱን ጠጠር መርምሮ የማርስን ጥንታዊ ወንዞች መረዳት

ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው ደቻቱ በበጋ ሲደርቅ፣ ከደጋው ያወረደው ጥቁር ባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ከኖራ ድንጋይና ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ተደባልቆ ይታያል። የማርስ ቅርፊት በአብዛኛው ባዛልት በመሆኑ ለንጽጽር የሚያገለግለው ይኸው ጥቁሩ ድንጋይ ነውና በቅድሚያ ይለዩት። ድንጋዩን ፍቀው የሎሚ ጭማቂ ሲያንጠባጥቡበት አረፋ የሚያወጣው ኖራ ድንጋይ ነው፤ የባዛልት ዱቄት ግን አረፋ አያወጣም፣ ብዙ ጊዜም ወደ ማግኔት ይሳባል።

በክረምት ወደ ወንዙ አይግቡ። ከተማው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እንኳ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ድንገተኛ ጎርፍ ያወርዳል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፏል።

ከዚያ ከወንዙ የላይኛው ክፍል ጀምረው ወደ ታች እየወረዱ ናሙና ይውሰዱና የጠጠሮቹን ጠርዝ ያወዳድሩ፤ ውሃ አርቆ ያንከባለለው ጠጠር ሹል ጠርዙን አጥቶ ይድቦለቦላል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምነው ይህንን ምልክት ነው፤ ምክንያቱም ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ2012 በማርስ የጌል ጉድጓድ ውስጥ ያገኘችው ድቡልቡል ጠጠር ነፋስ ሊያጓጉዘው ከሚችለው በላይ ትልቅ ስለነበር፣ ተመራማሪዎች ጥልቀቱ ከቁርጭምጭሚት እስከ ዳሌ የሚደርስ ወንዝ በዚያ ይፈስ እንደነበር ለመደምደም በቅተዋል።

በመጨረሻም አንዱን ጠጠር ሰብረው በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። መሐሉ ጥቁር ሆኖ ዳር ዳሩ ከቀላ፣ በውስጡ ያለው ብረት ከውሃና ከኦክስጅን ጋር ተዋህዷል ማለት ነው። አረንጓዴው ኦሊቪን ሳይለወጥ ከተገኘ ግን፣ ይህ ማዕድን በውሃ ቶሎ የሚፈርስ በመሆኑ፣ ድንጋዩ ከውሃ ጋር የቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፣ አለዚያም አካባቢው ደረቅ ወይም በጣም ቀዝቃዛ ነበር።