ሳይኮሎጂን ዋና ትምህርቱ ላደረገ ተማሪ፦ ከስታቲስቲክስ እስከ መመረቂያ ጥናት

ሳይኮሎጂን የሚመርጥ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ሰውን ለመረዳት ወይም ለመርዳት ብሎ ነው። ክፍል ውስጥ የሚጠብቀው ግን ቁጥር፣ ሠንጠረዥና የጥናት ንድፍ ነው። የሳይኮሎጂ ፈር ቀዳጅ የሆነው ጀርመናዊው ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕሲግ ውስጥ ላቦራቶሪ ሲከፍት ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ፣ ሰው ድምፅ ከሰማ በኋላ ቁልፍ እስኪጫን የሚፈጅበትን ቅጽበት መለካት ነበር። ትምህርቱ ዛሬም በዚያው መስመር ይሄዳል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ኮርሶቹን በቅደም ተከተላቸው ይይዛል፤ ያላወቀ ሦስተኛ ዓመት ላይ ይደነግጣል።

ኮርሶቹን በምን ቅደም ተከተል?

ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፦ መግቢያ፣ ስታቲስቲክስ፣ የጥናት ዘዴ፣ ከዚያ የመመረቂያ ጥናት። አንዱ ካልተወሰደ ቀጣዩ አይከፈትም። ስለዚህ ስታቲስቲክስን መግቢያው እንዳለቀ ውሰዱ፤ የጥናት ዘዴን ደግሞ በተከታዩ ሴሚስተር አስከትሉ። በሁለቱ መካከል አንድ ዓመት ከገባ የመጀመሪያው ይረሳል፣ ሁለተኛው እንደ አዲስ ይከብዳል። ቁጥር ስለሚያስፈራቸው ስታቲስቲክስን የሚያዘገዩ ብዙዎች ናቸው። የሚከፍሉት ዋጋ ግን የመመረቂያ ጥናታቸውን በጥድፊያ መሥራት ነው።

የዕድገት፣ የማኅበራዊ፣ የአስተሳሰብ፣ የስብዕናና የአእምሮ ሕመም ኮርሶች በመካከል ይሰካሉ። የአንጎልና የነርቭ ሥርዓትን የሚመለከተውን አትናቁት። ነርቭ እንዴት መልእክት እንደሚያስተላልፍ ያልገባው ተማሪ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሱስና ስለ መድኃኒት የሚነገረውን ሁሉ በሽምደዳ ብቻ ይይዘዋል።

ስታቲስቲክስ፦ መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በኮምፒውተር

ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት በአምስት ቁጥር ተለማመዱ። 4፣ 6፣ 7፣ 8፣ 10 እንበል። አማካዩ 7 ነው። ከአማካዩ ያላቸው ርቀት -3፣ -1፣ 0፣ 1፣ 3 ይሆናል። እያንዳንዱን በራሱ አባዙት፦ 9፣ 1፣ 0፣ 1፣ 9፤ ድምሩ 20። ናሙና ስለሆነ ለ5 ሳይሆን ለ4 አካፍሉት፤ 5 ይመጣል። የ5 ካሬ ሥር 2.24 ገደማ ነው፤ ቁጥሮቹ ከአማካዩ በአብዛኛው ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየው ይህ ነው መደበኛ ልይይት የሚባለው። ይህን ሦስት ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ቁጥር ባዕድ አይሆንበትም።

ከዚያ የውጤት መስመር ማንበብ ይከተላል። አንድ ጥናት እያንዳንዳቸው 30 ሰው ያላቸውን ሁለት ቡድኖች አወዳድሮ «ቲ (58) = 2.39፣ ፒ = 0.02፣ ዲ = 0.62» ብሎ ጻፈ እንበል። ቲ የሁለቱን ቡድኖች አማካይ ለማወዳደር የሚሰላ ቁጥር ነው፤ 58ቱ የመጣው ከ60 ሰው ላይ ሁለቱ ተቀንሰው ነው። ዲ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል፦ 0.2 ትንሽ፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ትልቅ ተብሎ ይያዛል፤ 0.62 ከመካከለኛው ጥቂት ያልፋል። ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ፒ ላይ ነው። ፒ 0.02 ሆነ ማለት መላምቱ ስህተት የመሆን ዕድሉ 2 ከመቶ ነው ማለት አይደለም። በቡድኖቹ መካከል እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን የሚያክል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታየው ከ100 ሁለቴ ያህል ነው ማለት ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ፈተና ላይ ግን ይጠየቃል፣ ጥናት ላይም ያሳፍራል።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ክፍሉ የሚጠቀመውን ያዙ። ኤስፒኤስኤስ ይከፈልበታል፤ ጃስፕና አር ነጻ ናቸው። አር መጀመሪያ ላይ ያታክታል፣ ነገር ግን የሠራችሁትን ትእዛዝ በጽሑፍ ስለሚያስቀር ስህተቱን ተመልሶ ማግኘት ይቻላል።

የጥናት ጽሑፍ አነባበብ

ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በተርታ አታንብቡ። አጭር መግለጫውን፣ ቀጥሎ መላምቱ የሚገኝበትን የመግቢያውን የመጨረሻ አንቀጽ፣ ከዚያ ዘዴውን፣ ሠንጠረዦቹንና ሥዕሎቹን፣ በመጨረሻ ውይይቱን አንብቡ። ውይይቱን አስቀድሞ ያነበበ ተማሪ ውጤቱን በደራሲዎቹ ዓይን ነው የሚያየው። ስትጨርሱ ወረቀቱን ገልብጣችሁ አምስት መስመር ጻፉ፦ ጥያቄው ምን ነበር? ተሳታፊዎቹ እነማንና ስንት ነበሩ? ምን ተለካ? ምን ተገኘ? ውጤቱን ሌላ ምን ሊያብራራው ይችላል? አምስተኛው ካልመጣላችሁ ወደ ዘዴው ተመለሱ።

የታወቀ ጥናት ሁሉ ጸንቶ የቆመ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ትልቅ የትብብር ሥራ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን ደግሞ ሠርቶ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 ከመቶ ያህሉ ጉልህ ውጤት (ፒ ከ0.05 በታች የሆነበት) ሲያሳዩ፣ ሲደገሙ ያሳዩት 36 ከመቶ ያህሉ ናቸው። ተማሪዎች እስረኛና ጠባቂ እንዲሆኑ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1971 የተካሄደው የስታንፎርድ የእስር ቤት ሙከራም በብዙ መግቢያ ኮርሶች ይነገራል፤ ዘዴው ላይ የቀረበበት ትችት ግን ከባድ ነው። በማስታወሻችሁ ከእያንዳንዱ ጥናት ጎን «ተደግሟል? ናሙናው ስንት ነው?» የሚል ቦታ ተዉ።

ለፈተና ማጥናት

ትምህርቱ ስለ ማስታወስ የሚያስተምረውን በራሳችሁ ላይ አለማዋል ያስቆጫል። የማስታወስ ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሙከራ አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ፣ ሌላው ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት በለጡ፦ 81 ከመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን 42 ከመቶ ብቻ ነው የቀራቸው፤ ራሳቸውን የፈተኑት 56 ነበራቸው። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለው ለዚህ ነው፤ ወዲያው ያወቅን ያስመስላል።

ስለዚህ ከሌክቸር በኋላ በዚያው ቀን ደብተር ዘግታችሁ ያስታወሳችሁትን ጻፉ። በሁለተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በሦስተኛው ሳምንት ድገሙት። መለማመጃ ካርድ ስትሠሩ ትርጉም ብቻ አትጻፉ፤ ፈተናው የሚመጣው በምሳሌ ነው። አሉታዊ ማጠናከሪያን ውሰዱ። «አሉታዊ» የሚለው ቃል እያሳሳተ ተማሪው ቅጣት ነው ብሎ ይመልሳል። የመኪና ቀበቶ እስኪታሰር የሚጮኸው ድምፅ ግን ቅጣት አይደለም፦ ሰውየው ሲያስር ድምፁ ይቆማል፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ያስራል። ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ባህሪው ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ከጨመረ ማጠናከሪያ፣ ከቀነሰ ቅጣት። ነገር ተጨመረ ወይስ ተነሳ? ከተጨመረ አዎንታዊ፣ ከተነሳ አሉታዊ። ካርዱ ላይ የቀበቶውን ምሳሌ ከፊት፣ የሁለቱን ጥያቄ መልስ ከኋላ አድርጉ።

የአእምሮ ሕመም ኮርስ ሲመጣ

እዚህ ኮርስ ላይ ተማሪ ራሱንና ቤተሰቡን መመርመር ይጀምራል። የተለመደ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። መመዘኛዎቹን በሙሉ አንብቡ። ለምሳሌ ለከባድ ድብርት በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ማኅበር መመሪያ መሠረት ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ፣ ለሁለት ሳምንት፣ የዕለት ኑሮን እስኪያውኩ ወይም ክፉኛ እስኪያስጨንቁ መታየት አለባቸው፤ ከአምስቱ አንዱ ያዘነና የተከፋ ስሜት ወይም ፍላጎት ማጣት መሆን አለበት። ያኔም ሌላ ምክንያት መኖር አለመኖሩ ይጣራል። አንድ ሐዘን የተሞላ ሳምንት ይህን አያሟላም። ሸክሙ በእውነት ከከበደ ግን በማስታወሻ ደብተር ሳይሆን በባለሙያ ነው የሚታየው።

የመመረቂያ ጥናት

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጥያቄው ሲሰፋ ነው። «ማኅበራዊ ሚዲያ በወጣቶች ላይ ያለው ተጽዕኖ» ጥያቄ አይደለም፤ ርዕስም አይሞላም። «ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ስልክ መጠቀም ከእንቅልፍ ጥራት ጋር ይዛመዳል ወይ?» ይሠራል፤ ሁለቱም ይለካሉና። «ይዛመዳል» እንጂ «ያስከትላል» እንዳልተባለም ልብ በሉ። በመጠይቅ ብቻ መንስኤ አይገኝም።

መጠይቁን ከባዶ አትፍጠሩ፤ ተፈትኖ ያለፈ መለኪያ ፈልጉ። ሁለት ቡድን አወዳድራችሁ መካከለኛ ልዩነት ቢኖር 80 ከመቶ በሆነ ዕድል ለማግኘት በእያንዳንዱ ቡድን 64 ሰው ያስፈልጋል። 20፣ 20 ሰው ይዞ «ልዩነት የለም» ማለት አያስኬድም። መረጃ መሰብሰብ የሚጀመረው የሥነ ምግባር ፈቃድ በእጅ ከገባ በኋላ ነው፤ ፈቃዱ ሳምንታት ይፈጃል፣ ቀድሞ የተሰበሰበም ሊጣል ይችላል። መጠይቁን አስቀድማችሁ ለአራት ለአምስት ሰው ስጡና የቱ ጥያቄ እንዳደናገራቸው ጠይቁ። ስትጽፉ «ተረጋገጠ» የሚለውን ቃል ሰርዙና «ውጤቱ ይደግፋል» በሉ።

ከምረቃ በኋላ

በብዙ አገሮች የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን ታካሚ ለማከም አያበቃም፤ ማስተርስ ወይም ዶክትሬትና በባለሙያ ቁጥጥር ሥር የሚደረግ ልምምድ ይጠየቃል። መድኃኒት የሚያዘው ሳይካትሪስት ደግሞ የሕክምና ትምህርት የተማረ ሐኪም ነው። መቀጠል የሚፈልግ ተማሪ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የመምህር ጥናት ውስጥ ይግባ፤ መጠይቅ ማስሞላትም ሆነ መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ይሁን። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሥራውን ያየ ሰው ነው። ደብዳቤውን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፣ የትምህርት ማስረጃውንና አብሮ የሠራውን ነገር በአንድ ገጽ ዘርዝሮ ይጠይቅ።