የፈረንሳይ ገጠር ደጃፎችን ፎቶ ማንሳት

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በአቬይሮን አውራጃ፣ ላርዛክ በሚባለው ድንጋያማ አምባ ላይ ላ ኩቨርቷራድ የምትባል በቅጥር የተከበበች ትንሽ መንደር አለች። ምሽጉን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቴምፕላር የሚባሉት ወታደር መነኮሳት ገነቡት፤ ቅጥሩን ደግሞ የእነርሱን ንብረት የወረሱት፣ ሆስፒታለሮች የሚባሉት ሌሎች ወታደር መነኮሳት በ15ኛው ክፍለ ዘመን አቆሙት። ካሜራ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ቅጥሩንና ማማውን አንሥቶ ይመለሳል፤ ይህ መመሪያ ግን የተጻፈው ማማውን ትቶ በሮቹን ለማየት ዝቅ ለሚል ሰው ነው። ምክሩ ከላርዛክ ውጭም፣ በብሪታኒም ሆነ በኦቨርኝ መንደሮች፣ ያገለግላል።

ካሜራውን ከመያዣው ከማውጣትዎ በፊት በሩ ፊት አምስት ደቂቃ ያህል ቆመው ይመልከቱ። የደፉ ድንጋይ በየትኛው ወገን ይበልጥ እንደ ተቦረቦረ፣ ቀለሙ እጅ በሚያርፍበት ከፍታ ላይ ተፍቆ እንጨቱ ምን ያህል እንደ ተገለጠ ይፈልጉ። ከደፉ አጠገብ፣ ግድግዳው ሥር፣ የጫማ ጭቃ መፋቂያ ብረት ተተክሎ ይሆናል። በጎተራ በር ግርጌ ደግሞ ድመት አይጥ ለማደን የምትሾልክበት ቀዳዳ ተቆርጦ ይገኛል፤ የመስኮቱን መከለያ ነፋስ እንዳያላጋው የሚይዘው ብረትም አንዳንድ ጊዜ የሴት ራስ ቅርጽ አለው። አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ የአበባ ማሰሮ የተደረደረበትን በር ሁሉም ሰው ያነሣዋል፤ እኔ በበኩሌ አልፌው እሄዳለሁ፤ ምክንያቱም ሰው በዚያ በር እንዴት እንደሚወጣና እንደሚገባ የሚነግረኝ ነገር እምብዛም የለውም።

ላርዛክ ላይ ቀድሞ ዓይን የሚይዘው በሩ ላይ በሚስማር የተመታ፣ ከሰፊ ሳህን የማያንስ እሾሃማ አበባ ነው። የአገሩ ሰዎች ካርዳቤል ይሉታል፤ ኮሸሽላን ለሚያውቅ አንባቢ ግንድ አልባ ሆኖ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚበቅል ኮሸሽላ ብለው ቢያስቡት ይቀርባል። ቀድሞ የአበባው ልብ እንደ አትክልት ይበላ ነበር፤ ስሙም ሱፍ ከማበጠር ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በሩ ላይ የሚሰቀለው መልካም ዕድል ያመጣል ተብሎ ቢሆንም ሌላ አገልግሎትም አለው። ተክሉ ከደረቀ በኋላ እንኳ አየሩ ሲረጥብ በዙሪያው ያሉት ቅጠሎች ወደ መሐል ይከደናሉ፤ አየሩ ሲደርቅ መልሰው ይዘረጋሉ፤ ስለዚህ እረኛው በጎቹን ከማውጣቱ በፊት ዝናቡን በራሱ በር ላይ ያነብበው ነበር።

እንግዲህ የተዘረጋውን ብቻ ያነሣ ሰው ጌጥ አነሣ እንጂ ይህን ሥራውን አላሳየም። ሁለት ፎቶ ያስፈልግዎታል፦ አንዱ ደረቅ በሆነ ቀን፣ ሌላው ሊዘንብ ሲል ወይም ጉም በወረደበት ማለዳ። ሁለቱም ከአንድ ቦታና ከአንድ ከፍታ መነሣት አለባቸው፤ ስለዚህ የቆሙበትን የንጣፍ ድንጋይ በስልክዎ አንሥተው ያስቀምጡ። ወደ 60 ሴንቲሜትር ይጠጉና ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ይጠብቁ፤ ሚስማሩንና ዝገቱ በእንጨቱ ላይ የወረደበትን መስመር ከፎቶው አያስወጡ። የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ሰፋ የሚያደርገው ኤፍ 4 አበባውን ከእንጨቱ ለይቶ ያወጣዋል፤ የእንጨቱ ስንጥቅ ጭምር ጥርት ብሎ እንዲታይ ከፈለጉ ቀዳዳውን የሚያጠብበው ኤፍ 8 ይሻላል። አበባውን በእጅ ማስተካከል አይገባም፤ ከሜዳ ቆርጦ መውሰድማ ተክሉን እየመነመነ እንዲሄድ ያደርገዋል።

ሙሉ በር ሲነሣ ትልቁ ችግር የመቃኑ መስመር መጣመም ነው። ቁመትዎ ላይ ሆነው ካሜራውን ወደ ላይ ካቀኑት መቃኑ ወደ ጉበኑ እየጠበበ ይሄዳል፤ ሰፊ ማዕዘን ባለው የስልክ ሌንስ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ወደ ኋላ ይራቁ፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ወይም የስልኩን ሁለት እጥፍ ማቅረቢያ ይጠቀሙ፣ ካሜራውን ወደ በሩ ወገብ ዝቅ አድርገው ፈጽሞ ሳያጋድሉ ያንሡ። የፓሪስን በሮችና ማንኳኪያዎች ሲያነሣ የኖረው ኧዤን አትዤ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 እስከ ሞተበት ዘመን ድረስ በከባድ የእንጨት ካሜራ የሠራ ሰው ነው፤ ካሜራውን ከማጋደል ይልቅ ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ከፍ ያደርግ ስለ ነበር በብዙ ፎቶዎቹ የላይኛው ማዕዘን ጠቁሮ ይታያል። መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የከፈለው ዋጋ ያ ነበር፤ እኛ የምንከፍለው ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ብቻ ነው። መንገዱ ጠባብ ሆኖ መራቅ ካልተቻለ ሙሉውን በር ይተዉትና ቁልፉን ወይም ማንኳኪያውን ብቻ ያንሡ።

የላርዛክ ግድግዳ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ስለ ሆነ ካሜራው በራሱ ሲለካ ያጠቁረዋል፤ የብርሃን ማስተካከያውን ከ0.7 እስከ 1 ከፍ ያድርጉት። የጠቆረ የበረት በር ሙሉውን ፎቶ ሲይዝ ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ ያድርጉት። ለቀለም ደመና ወይም ጥላ ይመረጣል፤ ለቅርጽ ግን ፀሐይ ግድግዳውን እየላሰች የምታልፍበት ሰዓት ያስፈልጋል። ይህ በተለይ በጉበን ላይ ለተቀረጸ ጽሑፍ እውነት ነው፤ በብዙ መንደሮች ቤቱ የተሠራበት ዓመት፣ የባለቤቶቹ ስም መነሻ ፊደላት ወይም መስቀል በጉበኑ ድንጋይ ላይ ይገኛል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን የማይነበበው ቁጥር፣ ብርሃኑ አግድም ሲመጣ እያንዳንዱ ጭረት የራሱን ጥላ ይዞ ብቅ ይላል። ሰዓቱ አጭር ነውና ግድግዳው ወደየት እንደሚያይ በኮምፓስ ቀድመው ያጣሩ።

በድንጋይ የተደፈነ መስኮት ካገኙም አይለፉት። ፈረንሳይ ከ1798 እስከ 1926 እ.ኤ.አ. በበርና በመስኮት ብዛት ግብር ታስከፍል ስለ ነበር፣ አንዳንዱ ባለቤት ግብሩን ለመቀነስ መስኮቱን ደፍኖ በጨለማ መቀመጥን መርጧል። ይሁንና የተደፈነውን ሁሉ በግብር ማሳበብ ስሕተት ነው፤ የጎተራና የበረት ቀዳዳዎች ከግብሩ ነፃ ነበሩ፤ ቤት ሲከፋፈልም መስኮት ይደፈናል። በፎቶው ውስጥ ክፍት የሆነ አንድ መስኮት አብረው ቢያስገቡ ልዩነቱ በራሱ ይናገራል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት በግንቦት 2004 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ የአንድ ንብረት ባለቤት በንብረቱ ምስል ላይ ብቸኛ መብት የለውም፤ ሆኖም ምስሉ ከመጠን ያለፈ ችግር ካደረሰበት መቃወም ይችላል። ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 9ኛ አንቀጽ የግል ሕይወትን ስለሚጠብቅ በመስኮት ውስጥ የሚታየውን ሰው ማንሳት አይገባም፤ የቤት ቁጥርና በፖስታ ሣጥን ላይ የተጻፈ ስምም ፎቶው ከመውጣቱ በፊት ቢሸፈን መልካም ነው።

ከሕጉ በላይ የሚሠራው ግን «ቦንዡር» የሚለው ሰላምታ ነው። እኔ አንድ ቀን፣ በአንዲት ሌላ መንደር፣ የአንድን ቤት መዝጊያ ተንበርክኬ ሳነሣ በሩ ተከፈተና አንዲት አረጋዊት ከበላዬ ቆሙ። ወዲያው «ይቅርታ፣ ፎቶ ላነሣ ነበር...» ብዬ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ዝም ብለው አዩኝና «ቦንዡር፣ መሲዬ» አሉ፤ ቃሉን ረገጥ አድርገው። ሰላምታ ሳይሰጡ ጉዳይ መጀመር እዚያ አገር እንደ ስድብ የሚቆጠር ነገር ነው፤ የሰውን ደኅንነት እስከ ከብቶቹ ድረስ ጠይቆ የማይጠግብ ሕዝብ ልጅ ሆኜ ይህን መዘንጋቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። «ቦንዡር፣ ማዳም» ብዬ እንደገና ስጀምር ፊታቸው ተፈታ፤ የቁልፉን ቀዳዳ የሸፈነችውን ትንሽ የብረት ክዳን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ ክዳኗ በብረቱ ላይ የሳለችውን የግማሽ ክብ ጭረት አሳዩኝ። ከዚያ ቀን ሥራዬ የቀረኝ ያ ጭረት ብቻ ነው።

ፎቶዎቹን ሲያስቀምጡ የመንደሩን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ግድግዳው የሚያይበትን አቅጣጫና የአየሩን ሁኔታ ይመዝግቡ፤ ለካርዳቤሉ ጥንድ ፎቶ ያለዚህ ትርጉም የለውም። ባለቤቱን ካነጋገሩ ደግሞ አንድ ፎቶ በ13 በ18 ሴንቲሜትር አሳትመው፣ በጀርባው ቀኑን ጽፈው፣ በሚቀጥለው ጉዞዎ በፖስታ ሣጥናቸው ውስጥ ይተዉላቸው።