ቁልፉ የጠፋ የሐሳብ ሳጥን

በፊት የምሠራበት መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ተሰቅሎ ነበር። ቢሮው ቀለም ሲቀባ ቁልፉ ስለታጣ በመዶሻ ተሰበረ። ውስጡ የተገኘው የማስቲካ ልጣጭ፣ ጊዜው ያለፈበት ሎተሪ እና በጥንቃቄ የታጠፈች አንዲት ወረቀት ነው። «ወረፋ ለሚጠብቁ ደንበኞች ወንበር ይገዛ» ትላለች። ቀኑ ሲታይ 3 ዓመት አልፏታል።

ከብዙ ሰው ሐሳብ ስትሰበስቡ የመጀመሪያው ስህተት ይኼ ነው፤ አንባቢ ሳይመድቡ መጠየቅ። ማን ያነባል? መልሱስ መቼ ይሰጣል? ይህ ካልተወሰነ ሳጥኑን ባትሰቅሉት ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄውን ማድበስበስ ነው። «ድርጅታችን እንዲያድግ ምን እናድርግ?» ካላችሁ መልሱ «ደሞዝ ጨምሩ» ነው፤ አልፈርድባቸውም። ሮብ ማክዩን ይህ ገብቶታል። የካናዳው የወርቅ ኩባንያ የጎልድኮርፕ ኃላፊ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የሬድ ሌክን የወርቅ ማውጫ የጂኦሎጂ መረጃ ኢንተርኔት ላይ ዘረገፈው። በወርቅ ሥራ እንዲህ ያለ መረጃ እንደ ዓይን ብሌን ነው የሚጠበቀው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ቀጣዩ 6 ሚሊዮን አውንስ ወርቅ የት ነው ያለው? ሽልማቱ በድምሩ 575,000 ዶላር። አንደኛ የወጡት አውስትራሊያ ሆነው የሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። እኛ ግን የሽያጭ ቁጥሩን ደብቀን «ሐሳብ አምጡ» እንላለን።

ስብሰባ ላይ ደግሞ አለቃ ቀድሞ አይናገር። ከተናገረ ሁሉም «ሥራ አስኪያጃችን እንዳሉት…» ብሎ ይጀምራል፤ በቃ፣ አለቀ። መጀመሪያ ወረቀት አድሉ፤ ሁሉም 10 ደቂቃ ዝም ብሎ ይጻፍ። ለአበል የመጣውም ቢሆን አንድ ነገር መጫጫሩ አይቀርም።

ውጤቱን የማትቀበሉ ከሆነ ድምፅ አታሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 እንግሊዞች ለምርምር መርከባቸው ስም አውጡልን ሲሉ ሕዝቡ «ቦቲ ማክቦትፌስ» (ጀልባ ፊቷ ጀልቢት እንደ ማለት) የሚል ቀልድ መረጠላቸው። መርከቧ ግን በታዋቂው የተፈጥሮ ፊልም አቅራቢ ስም ሰር ዴቪድ አተንብራ ተባለች፤ ቀልዱ አብራት ለምትሠራው ትንሽ ሰርጓጅ ተረፈ።

ሌላው የሐሳቡን ባለቤት መርሳት ነው። እኛ ቤት ወንበሮቹ በኋላ ተገዙ። ወረቀቷን የጻፈው ጥበቃችን ነበር፤ የእጅ ጽሑፉን የማያውቅ የለም። ስብሰባ ላይ የተመሰገነው ግን የማርኬቲንግ ክፍሉ ነው። ሳጥኑም አዲስ ቁልፍ ተገዝቶለት እንደገና ተሰቀለ። ሥራውን እስክለቅ ድረስ አንድም ወረቀት አልገባበትም።