ለተርቦ መኪና የቡስት መቆጣጠሪያ ሶሌኖይድ ሲመርጡ

ተርቦ ላለው መኪናዎ ኤሌክትሮኒክ የቡስት (ተርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር ግፊት) መቆጣጠሪያ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ) ለመግዛት ካሰቡ፣ ከዋጋውና ከምርት ስሙ አስቀድመው የዌስትጌቱን (የጭስ ጋዙን ከተርቦው ውጭ በማሳለፍ ግፊቱን የሚገድበው በር) ዓይነት ይመልከቱ። ከተርቦው ጋር ተያይዞ ለሚመጣና አንድ የግፊት መግቢያ ብቻ ላለው ዌስትጌት ባለ 3 ቀዳዳ ሶሌኖይድ ይበቃል፤ ባለ 4 ቀዳዳው የሚጠቅመው ከዲያፍራሙ (በግፊት ከሚንቀሳቀሰው ስስ ሽፋን) በላይም በታችም ግፊት የሚቀበል ዌስትጌት ሲኖርና ዌስትጌቱን ዘግቶ ከሚይዘው ሞላ (ስፕሪንግ) ጉልበት እጅግ የራቀ ግፊት ሲፈለግ ነው። ሻጮች ውዱን ቢያወድሱም፣ ለዕለት ተዕለት መኪና ትርፍ ወጪ ይመስለኛል። የትኛውም ሶሌኖይድ ቢሆን ግፊቱን ሞላው ከሚፈቅደው በታች ሊያወርድ አይችልም።

ሱባሩ ደብሊውአርኤክስን ብንወስድ፣ በብዙዎቹ የቆዩ ሞዴሎች ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው ባለ 2 ቀዳዳ ሶሌኖይድ ግፊቱን በከፊል እያፈሰሰ የሚሠራ ሲሆን፣ በቱቦው ውስጥ የአየሩን ፍሰት የሚያጠብ ትንሽ ማነቆ አለ። ወደ ባለ 3 ቀዳዳ ሲቀየር ይህ ማነቆ መውጣት፣ የሞተሩ ኮምፒውተርም እንደገና መስተካከል ይኖርበታል፤ አዲሱ ሶሌኖይድ ለተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ከፍ ያለ ግፊት ስለሚሰጥ፣ በአሮጌው ፕሮግራም መንዳት ሞተሩን ለከባድ ጉዳት ያጋልጣል።

ቱቦዎቹ ሲገናኙ፣ ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ጊዜ ግፊቱ በቀጥታ ወደ ዌስትጌቱ እንዲያልፍ መደረግ አለበት (ያን ጊዜ ገመዱ ቢበጠስ እንኳ ግፊቱ በሞላው ልክ ይወሰናል)። ሶሌኖይዱም ከጭስ ማውጫው ሙቀት ርቆ፣ ለዌስትጌቱ ግን በአጭር ቱቦ በሚደርስበት ቦታ ይታሰር።