የተዘጋ ሲኒማ ቤት ልትገዙ ነው? ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር አበሻ ልብ ሳይለው በድሮ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ይመላለሳል። ኮሎምቢያ ሃይትስ ከባቡር ወጥታችሁ ትንሽ ስትራመዱ የምታዩት ቲቮሊ በ1924 የተከፈተ ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ፣ ከአበሻ ምግብ ቤቶቹ ብዙም ሳይርቅ ያለው ሲልቨር የ1938 ነው። ዩ ስትሪት ላይ ሊንከን አለ። ኤች ስትሪት ላይ አትላስ። ከሰፈር ሲኒማዎቹ አንዳንዶቹ ቴአትር ቤት ሆኑ፣ አንዳንዶቹ ፋርማሲ። ብዙዎቹ ግን ፈረሱ።

አዳራሽ የሚፈልግ ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ፣ የባህል ማዕከል የሚመኝ ማኅበር ወይም ሰርግ ቤት ሊከፍት ያሰበ ነጋዴ እንዲህ ያለ ቤት ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። ሰፊ ነው፤ መሃል ሰፈር ነው፤ ከስፋቱ አንጻር ዋጋውም ርካሽ ይመስላል። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ግን አለው። ሲኒማ ቤት ለአንድ ሥራ ብቻ ታስቦ የተሠራ ሕንፃ ነው። መስኮት የለውም፣ ወለሉ ያዘቀዝቃል፣ ጣሪያው ያለ ምሰሶ የተዘረጋ ነው። ብዙው ስህተት የሚመጣው ይህን ረስቶ እንደ ማንኛውም ባዶ ቤት ከማየት ነው።

የሕንፃውን ዘመን ሳይጠይቁ ሥራውን መወሰን

በ1920ዎቹ የተሠሩት ሲኒማዎች ድምፅ አልባ ፊልም የሚያሳዩ ነበሩ። ከፊልሙ ጋር ዘፋኝ፣ ቀልደኛና ሙዚቀኛ ይቀርብ ስለነበር ብዙዎቹ እውነተኛ መድረክና ልብስ መቀየሪያ ክፍል አላቸው። ፊልም መናገር ከጀመረ በኋላ ግን ይህ ሁሉ ወጪ አላስፈለገም። በ1930ዎቹ በተሠሩት ብዙ የሰፈር ሲኒማዎች ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ቦታ ድምፅ ማጉያ ከማስቆም አያልፍም።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። የ1924ቱ ቲቮሊ ዛሬ በስፓኒሽ ቋንቋ የሚሠራው የጋላ ቴአትር ቤት ነው። የ1938ቱ ሲልቨር ግን ተመልሶ ሲኒማ ሆነ፤ ከ2003 ጀምሮ የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ያስተዳድረዋል። ሁለቱንም እንደ ተፈጥሯቸው ነው የተጠቀሙባቸው። የመድረክ ሥራ አስባችሁ የ1930ዎቹን ቤት ከገዛችሁ ኋላውን አፍርሳችሁ ልትሠሩ ነው ማለት ነው። ከጀርባው ያለው መሬት የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ያም አይቻልም።

ሲኒማ ወደ ቴአትር ሲዞር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቴአትር ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንፃ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆኖ የተመረቀው ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ለአዲሱ ሥራ እንደገና ከነደፈው በኋላ ነው።

ጣሪያውን ትቶ ቀለም መምረጥ

ኮሚቴ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ መጋረጃ፣ ስለ ምንጣፍና ስለ ወንበር ቀለም ነው። ተዉት! ከሁሉ በፊት ጣሪያ።

አዳምስ ሞርጋን ላይ፣ 18ኛ መንገድና ኮሎምቢያ ሮድ የሚገናኙበት ጥግ ኒከርቦከር የሚባል ሲኒማ ነበር። የተከፈተው በ1917 ነው። በጃንዋሪ 28 ቀን 1922 ምሽት ሰው ኮሜዲ እያየ ሳለ፣ ሲጥል የሰነበተው በረዶ ጠፍጣፋውን ጣሪያ ይዞት ወረደ። 98 ሰው ሞተ፤ ከመቶ በላይ ቆሰለ። ምርመራው የጣቱን አቅጣጫ ወደ ንድፉ ነው የቀሰረው፤ ጣሪያውን የተሸከሙት ብረቶች ግድግዳው ላይ በቂ መደገፊያ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ የከተማዋ የግንባታ ሕግ ጠበቀ። የኒከርቦከር ባለቤት ሃሪ ክራንዳል ከሁለት ዓመት በኋላ ቲቮሊን የከፈተው ሰው ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ አገር ጥለው የመጡ ወገኖቻችን ምግብ ቤት የከፈቱበት 18ኛ መንገድ የሚጀምረውም ከዚያው ጥግ ነው።

ያ አደጋ የአዲስ ሕንፃ አደጋ ነበር። የእናንተ ቤት ደግሞ ወደ መቶ ዓመት የተጠጋና ምናልባትም ለዓመታት ውኃ ሲያፈስ የኖረ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የስትራክቸር መሐንዲስ ይዛችሁ ግቡ። ተራ የቤት ኢንስፔክተር አይበቃም። መሐንዲሱ ብረቶቹ ወይም እንጨቶቹ ግድግዳ ውስጥ የሚገቡበትን ጫፍ ይይ፤ ውኃ ተደብቆ የሚበላው እዚያ ነው። ያ የሚያምረው የተቀረጸ ኮርኒስም ብዙ ጊዜ ከላይ በሽቦ የተንጠለጠለ ነው። ከራሰ ይከብዳል፣ ሽቦውም ይዝጋል። በድንገት ነው የሚወርደው።

በዚያው ጉብኝት የፕሮጀክተር ክፍሉን አስመርምሩ። የድሮ ፊልም ናይትሬት ስለነበር በቀላሉ ይነድ ነበር። እሳት እንዳይወጣ ተብሎ ብዙዎቹ ክፍሎች እሳት በሚቋቋም፣ ብናኙ ግን ሳንባ በሚጎዳ አስቤስቶስ ተለብጠዋል። እሱን ማስነሳት ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል፤ ሒሳቡም የዋዛ አይደለም።

ወለሉን ቶሎ ብሎ ማስተካከል

ያዘቀዘቀ ወለል ለሰርግ ጠረጴዛ አይሆንም፣ ለመደርደሪያም አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ሲሚንቶ ሞልቶ ማስተካከል ነው። አንዳንዴ ትክክል ይሆናል። ግን ሦስት ነገር አስቡ።

አንደኛ፣ ክብደት። ከሥር ምድር ቤት ካለ ያን ሁሉ ኮንክሪት ላይሸከም ይችላል። በዚህ ጊዜ ከላይ የሚነጠፍ፣ ወደፊትም ሊነሳ የሚችል የብረት ወይም የእንጨት ወለል ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ። ሕንፃው በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ካለና ገቢ የሚያመጣ ሥራ ከሠራ፣ የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ለእድሳቱ ከሚወጣው ብቁ ወጪ 20 በመቶውን ከታክስ ላይ ይቀንሳል፤ በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ። ግን እቅዱን የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ማጽደቅ አለበት። ወለሉን ሞልተው፣ አዳራሹን በግድግዳ ቆራርጠው ከጨረሱ በኋላ የሚያመለክቱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዚያ መዶሻ። ለራሱ አምልኮ ብቻ የሚጠቀምበት ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ጥቅም አያገኝም፤ ኮሚቴው በጀት ውስጥ እንዳያስገባው።

ሦስተኛ፣ ሳያፈርሱ መጠቀም ይቻላል። ቦነስ አይረስ ያለው ግራንድ ስፕሌንዲድ በ1919 ቴአትር ሆኖ ተከፍቶ ሲኒማ ሆነ፤ በ2000 ደግሞ መጻሕፍት መደብር። ሰገነቶቹ በመጻሕፍት ተሞሉ፤ መድረኩ ላይ ሰው ቡና ይጠጣል። ዛሬ ቱሪስት የሚጎርፍበት ቤት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሁሉ አንድ ይመስል መግዛት

ለፕሮቴስታንት ጉባኤ ሲኒማ ቤት ልክ ይገባል። መድረክ አለ፣ ወንበር አለ፣ ድምፅ ይሰማል። ኒው ዮርክ ዋሽንግተን ሃይትስ ያለው፣ በ1930 የተከፈተው ትልቅ ሲኒማ በ1969 የቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ዩናይትድ ፓላስ ይባላል፤ ኮንሰርትም ፊልምም ያስተናግዳል፤ በ2023 የቶኒ የቴአትር ሽልማት የተሰጠው እዚያ ነው።

ለኦርቶዶክስ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። መቅደሱ ወደ ምሥራቅ መሆን አለበት። ሲኒማው ግን ስክሪኑን የተከለው መንገዱ በየት በኩል እንዳለ አይቶ እንጂ ፀሐይ የምትወጣበትን አይቶ አይደለም። ምሥራቁ በጎን በኩል ከዋለ አዳራሹን በሙሉ ማዞር ነው። ደግሞ የሚሰግድና ቆሞ የሚያስቀድስ ሕዝብ፣ ለወረብ የሚሰለፍ ማኅሌታይ ቁልቁለት ላይ ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ ወለል ማስተካከል ግድ ነው፤ ወጪውም ከመጀመሪያው ቀን መታወቅ አለበት። ስለዚህ ሻጩ ቁልፍ ይዞ ሲመጣ ኮምፓስ ይዛችሁ ጠብቁት። ስልካችሁ ላይ አለ።

አዳራሹን ብቻ ማየት

የሰፈር ሲኒማ ገንዘብ ያለው ብዙ ጊዜ ከፊት ነው። ቲቮሊ ሲሠራ ጀምሮ በመንገዱ ዳር ሱቆች፣ ከላይ ደግሞ ቢሮዎች ነበሩት። ሱቅ በየወሩ ኪራይ ያመጣል። አዳራሹ ግን በየወሩ ያስወጣል፤ ያን ሁሉ አየር ማሞቅና ማቀዝቀዝ ቀላል አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ለሚሞላ አዳራሽ ሰባት ቀን መክፈል ብዙ ማኅበር ያደከመ ነገር ነው።

መፍትሔው የተለያየ ስፋት ያላቸው ክፍሎች መያዝ ነው። ሲልቨር ታሪካዊውን አዳራሽ አድሶ ሁለት ትናንሽ አዳራሾች አጠገቡ ሠራ። አነስተኛ ታዳሚ ያለው ፊልም ትልቁን ቤት መክፈት አያስፈልገውም። በየዓመቱ የሚካሄደው የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫልም የሚስተናገደው እዚሁ ነው። አትላስ በበኩሉ ከድሮው ሲኒማ ጋር አጠገቡ ያሉትን ቤቶች ይዞ ቴአትሮችና የዳንስ ስቱዲዮዎች አደረጋቸው።

ፓርኪንግና ፈቃድ

አጭር ነው፤ ግን ብዙ ሰው ይወድቅበታል። የሰፈር ሲኒማ የተሠራው በእግሩና በትራም ለሚመጣ ሰው ነው። የኛ ሰርግ ስንት መኪና ይዞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ስትጠይቁ ከተማው ስለ ፓርኪንግ፣ ስለ አደጋ ጊዜ መውጫና ስለ እሳት መከላከያ ውኃ መርጫ ይጠይቃል። ውሉ ላይ ፈቃዱ ካልተገኘ ቀብዱ ይመለሳል የሚል አንቀጽ ይግባ።

በናፍቆት ብቻ ፊልም ቤት ማድረግ

የሰፈር ሲኒማ የሞተው ሰው ስለረሳው ብቻ አይደለም። ቴሌቪዥን መጣ፣ ሰው ወደ ከተማ ዳር ሄደ፣ እዚያ ብዙ ስክሪንና ሰፊ ፓርኪንግ ያላቸው ቤቶች ተሠሩ። ባለ አንድ ስክሪን ቤት የያዘው ፊልም ካልሄደለት የሚያሳየው ሌላ የለውም። ለዚህ ነው ትኬት ብቻውን የማያኖረው። ዲሲ ያለው አቫሎን በ1923 ተከፍቶ በ2001 ተዘጋ። ጎረቤቶቹ ትርፍ የሌለው ድርጅት አቋቁመው በ2003 ከፈቱት፤ የአባላት መዋጮ ዛሬም ይደግፈዋል። እንዲህ በየዓመቱ የሚያዋጣ ሰው ከሌላችሁ አትጀምሩት።

ፋርማሲ ሆነ ብሎ ማልቀስ

በዚህ ላይ ከብዙ የቅርስ ወዳጆች እለያለሁ። ማክአርተር የሚባለው የዲሲ ሲኒማ በ1997 ተዘግቶ ፋርማሲ ሆነ፤ ፊቱ ግን አለ። የታኮማውን ደግሞ ባለቤቱ ሊያፈርሰው ጠይቆ ተከልክሎ ነበር፤ በመጨረሻ የሕክምና ቢሮ ሆነ። ደረቅ ጣሪያ ያለውና ሰው የሚገባበት ቤት ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል። ዲትሮይት ያለው የ1926ቱ ሚሺጋን ቴአትር እንኳ በ1970ዎቹ የመኪና ማቆሚያ ሲሆን የተቀረጸው ኮርኒስ ከመኪኖቹ በላይ ቀርቷል። ለመኪና ማቆሚያ አልሟገትም፤ ከፈረሱት ጋር ሳወዳድረው ግን ይሻላል።

ሙሉው ገንዘብ እስኪገኝ ቆልፎ መጠበቅ

ቲቮሊ በ1976 ከተዘጋ በኋላ ወደ 30 ዓመት ቆሟል። ብሩክሊን ያለው ኪንግስ በ1977 ተዘግቶ እስከ 2015 ቆየ፤ እድሳቱም ወደ 95 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ። የከረመ ቤት በየክረምቱ ይብስበታል።

ጀርሲ ሲቲ ያለው የ1929ኙ ሎውስ በ1986 ተዘግቶ ሊፈርስ ሲል በጎ ፈቃደኞች አዳኑት። ሙሉ እድሳት አልጠበቁም። እየጠገኑ በየደረጃው ከፈቱት። እናንተም ጣሪያውን ድፈኑና መግቢያውን ብቻ ለይቶ ለመክፈት ፈቃድ ጠይቁ። ባዛር፣ የሥዕል ትርኢት፣ የልጆች የአማርኛ ትምህርት እዚያ ይሞከራል። አዳራሹ ተቆልፎ ይቆይ፤ በየሳምንቱ ግን አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ገብቶ ኮርኒሱን ይይ።