ሠራተኛው በአንድ መኪና ይምጣ ስንል የምንሳሳተው

ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ መስቀል አደባባይ ዳር ቆም ብላችሁ የሚያልፉትን መኪኖች እዩ። ሾፌር ብቻውን፣ ሾፌር ብቻውን፣ አሁንም ሾፌር ብቻውን። ያን ሰዓት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከሚጋፉት ሰዎች መካከል የአንዱ ሾፌር ባልደረባ አይጠፋም።

ቢሯችን ካዛንቺስ ነው፤ ሰርቪስ የለንም። የሰው ሀብት ክፍል ስለምሠራ ሠራተኛው መኪና እየተጋራ እንዲመጣ የማድረጉ ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ። የመጀመሪያው ሙከራ በሦስት ሳምንት ፈረሰ። ሁለተኛው እስካሁን አለ። የተማርንባቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ማስታወቂያ ለጥፎ መቀመጥ። “ውድ ሠራተኞች” ብለን ሊፍቱ በር ላይ ለጠፍን (የሊፍት ማስታወቂያ ሊፍት ላይ፣ ያኔ ግን ማንም አልሳቀ)። ከጥቂት ሰዎች በቀር የተመዘገበ አልነበረም። ባለመኪናውም “ኑ ላድርሳችሁ” ብሎ አይዞርም፣ ሌላውም አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። በሁለተኛው ዙር እኔው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞርኩ።

በሰፈር ስም መመደብ። ሁለት የአያት ልጆች አንድ ላይ ብናደርግ፣ አንዱ ሌላውን ለመውሰድ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ሲዞር ከረመ። በመንገድ መድቡ፦ ከአያትና ከሲኤምሲ በመገናኛ የሚመጣው፣ ከጀሞ በሳር ቤት፣ ከቃሊቲ በሳሪስ። ተሳፋሪው ዋናው መንገድ ድረስ ይውጣ፣ ሾፌሩ ሰፈር ውስጥ አይግባ።

ስለ ገንዘብ አለማውራት። ትልቁ ይሄ ነው። ባለመኪናው በመጀመሪያው ቀን “ኧረ ተዉት፣ ምን ችግር አለው” ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ፊቱ ይጠቁራል፣ “ዛሬ ቀደም ብዬ ወጥቻለሁ” የሚል መልእክት መላክ ይጀምራል። ተሳፋሪዎቹም ይሉኝታ ይዟቸው በየቀኑ ቁርስና ማኪያቶ ሲጋብዙ ከነዳጁ በላይ ያወጣሉ። ገና ሳይጀመር ተነጋገሩ፣ ደግሞ በብር ሳይሆን በሊትር። የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው ስለሚከለስ በብር የተስማማ ሰው ጭማሪ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ መጨቃጨቁ ነው። ደርሶ መልሱ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆንና መኪናዋ በአንድ ሊትር 10 ብትሄድ በቀን 3 ሊትር ነው፤ በ22 የሥራ ቀን 66፣ ለአራት ሲካፈል ለሰው 16 ሊትር ተኩል። አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በስልክ መክፈል ግዴታ ከሆነበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደረሰኙም ስልክ ውስጥ ነው፣ የመኪናው ተጋሪዎች የስልክ ግሩፕ ላይ መላክ ብቻ። ትርፍ ግን አይታሰብ። ኮድ 2 የቤት መኪና ነው፤ ሰው ጭኖ ማትረፍ ከጀመረ ታክሲ ሆነ ማለት ነው።

ማታውን መርሳት። የመጀመሪያው ሙከራችን የፈረሰው በዚህ ነው። ጠዋትማ ሁሉም 2:30 መግባት አለበት። 11:30 ሊሞላ ሲል ግን አለቃ “አንድ አምስት ደቂቃ” ብሎ ስብሰባ ይጠራል። አንዷ ባልደረባችን በሐምሌ ዝናብ 1 ሰዓት ላይ ስትወጣ መኪናው ሄዷል። በማግስቱ “እኔ በታክሲዬ” አለች፣ ማን ይፈርድባታል? አሁን ሥራ አቆይቶት መኪና ያመለጠውን ሰው የራይድ ሒሳብ ቢሮው ይከፍልለታል። ፋይናንስ መጀመሪያ ጮኾ ነበር፤ በወር ሁለቴ ሦስቴ ቢጠየቅ ነው።

ያለ ልክ መጠበቅ። “ደርሻለሁ” ማለት ብዙ ጊዜ “ካልሲዬን እየፈለግኩ ነው” ማለት ነው። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ንቅል።

ማንን ከማን ጋር እንደምታደርጉ አለማሰብ። አለቃ ጋቢና ከተቀመጠ ኋላ ያሉት ሦስቱ እስከ ካዛንቺስ መስኮት ሲያዩ ነው የሚመጡት፤ አለቃን ሳያሙ የመገናኛን ትራፊክ እንዴት ይችሉታል? ሴት ሠራተኛን ደግሞ ራሷ ካልመረጠች በቀር ከአንድ ወንድ ባልደረባ ጋር ለብቻዋ አትመድቡ። ምክንያቱን ሴቶቹን ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል።

ፓርኪንጉን እንደ ድሮው መተው። እኛ ጥላ ያለበትን ቦታ ሾፌሩን ጨምሮ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ይዞ ለሚገባ መኪና ሰጠነው። አንድ ኃላፊ ቦታው ስለተወሰደበት ሳምንት ሙሉ አኮረፈን። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሰው ጭኖ መጣ። አንደኛዋ የኛ ሠራተኛ እንኳን አይደለችም፣ ጎረቤቱ ናት፤ ጥበቃው ግን ቆጥሮ አስገባው።