ደብተሩን ቡናው አጠገብ ስቀሉት፦ ሠራተኛ ባልደረባውን እንዲያግዝ እንዴት እናበረታታ?

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት የፈረቃ ኃላፊ በነበርኩ ጊዜ፣ በየወሩ ግድግዳው ላይ ፎቶ ይሰቀል ነበር። «የወሩ ኮከብ ሠራተኛ» ይላል። ብዙ በርና መስኮት የጨረሰ ሰው ፎቶው ይሰቀላል፣ ቦነስም ያገኛል። በሦስተኛው ወር ገደማ አንዱ ልጅ ጓደኛውን «የግራይንደር ዲስክ አለህ?» ሲለው ሰማሁ። «አልቆብኛል» አለው። ዲስኩ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ጠዋት ከስቶር ያወጣሁለት እኔው ነኝ።

ልጁ ክፉ አይደለም። ቅሬ ላይ (ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ነው) ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነበር። ሥራ ቦታ ግን ዲስኩን ቢሰጥ ጓደኛው በአንድ በር ይበልጠዋል። መደበቅን ያስተማርነው እኛ ነን።

1. መጀመሪያ አሁን ምን እየሸለማችሁ እንደሆነ እዩ

ቦነሱ፣ እድገቱ፣ ጭብጨባው የሚሄደው ለማን ነው? ሁሉም ለብቻ ለተሠራ ሥራ ከሆነ፣ «እንረዳዳ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ቀልድ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ አይሸለም እያልኩ አይደለም። ከመሸለሙ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ በዚህ ወር ማንን አገዘ? መልስ ከጠፋ ሽልማቱ ለሌላ ይለፍ።

2. እርዳታ ምን እንደሆነ በሥራችሁ ቋንቋ ተናገሩ

አዲስ ገቢን ማሳየት። የታመመ ሰው ፈረቃ መሸፈን። የተሳሳተ ልኬት ብረቱ ሳይቆረጥ መጠቆም። ሦስት አራት ምሳሌ ይበቃል።

3. የሚናገረው የታገዘው ሰው ይሁን

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አለቃ የሚያየው ጥቂቱን ነው። ያውም አለቃ ሲመጣ የሚደረገውን። እውነተኛውን እርዳታ የሚያውቀው የታገዘው ነው።

በኋላ ደሴ ወዳለ ሌላ ሥራ ቤት ስዛወር፣ ተራ የተማሪ ደብተር በሲባጎ አስሬ ቡና የሚፈላበት ቦታ ሰቀልኩ። የጠዋቱ ብርድ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ቡናው አጠገብ የማይቆም የለም። የሚጻፈው ሦስት ነገር ነው፦ ማን አገዘኝ፣ ምን አደረገልኝ፣ ባያግዘኝ ምን ይፈጠር ነበር። ሦስተኛውን አትተዉት። አንዱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ማክሰኞ ከሰዓት ላሜራውን ልቆርጥ ስል ስቶር ኪፐሩ "ቆይ እስቲ፣ ልኬቱን ድገመው" አለኝ። በሁለት ሳንቲም ተሳስቻለሁ። አንድ ሙሉ ላሜራ ተረፈ።»

ስቶር ኪፐሩ በር አይሠራም። በበር ቆጠራ ቢሆን ዕድሜ ልኩን ኮከብ አይባልም። ጥበቃውም፣ ጽዳቷም እንደዚሁ ናቸው። መጻፍ የሚከብደው ሰው ካለ ይንገራችሁና ጻፉለት።

4. በሰው ፊት አንብቡት

ሳምንት አንዴ፣ ቡና ላይ፣ አሥር ደቂቃ። አርብ እኩለ ቀን አይሁን፤ ጁምዓ የሚሄድ አለ። እኛ ቅዳሜ ጠዋት ነበር የምናነበው። «ጎበዝ፣ በርታ» ለሁሉም ስለሚባል ማንም አይሰማውም። የተጻፈውን እንዳለ አንብቡት። ከዚያ በዕድሜ የሚበልጠው ይመርቅ። ወሎ ውስጥ ይሄን ማስተማር አያስፈልግም። አንድ ሸምገል ያሉ በያጅ ነበሩ፣ «እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ» ሲሉ ቤቱ በሙሉ «አሚን» ይል ነበር።

በሰው ፊት መመስገን የሚያሳፍረው ሰውም አለ። አስቀድማችሁ ጠይቁት። ካልፈለገ ለብቻው ንገሩት።

5. ሽልማቱ ትንሽ ይሁን

እ.ኤ.አ. በ1971 ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን ቅርጽ የመገጣጠም ጨዋታ አሠርቶ ነበር። ገንዘብ የተከፈላቸው ክፍያው ሲቀር ለጨዋታው የነበራቸው ፍላጎት ቀነሰ። በቃል የተመሰገኑት ፍላጎት ግን ጨመረ። ስለዚህ ደብተሩ ላይ በተጻፈ ቁጥር ብር አትክፈሉ። ያኔ የሚጻፈው እርዳታ ሳይሆን ፈጠራ ይሆናል።

አንድ ቀን ቀድሞ መውጣት፣ ፈረቃ የመምረጥ ቅድሚያ፣ አዲስ ጓንት ይበቃል። የሥጋ ግብዣ ካሰባችሁ ግን ቆም በሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ በሚሠራበት ቤት ሥጋው የማን ነው የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ረቡዕና አርብ ደግሞ ጾም ነው። ዳቦና ቡና ሁሉንም ያስማማል። ዓመት ሲዘጋ ቦነስ ለመጨመር ካሰባችሁም፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቦነስ ከደመወዝ እንደማይቆጠር ለሠራተኛው አስቀድማችሁ ንገሩት።

6. የሚበላሽበትን ቦታ ጠብቁ

ሁለት ጓደኛሞች በየሳምንቱ እየተቀባበሉ ይጻጻፋሉ። ይህ ብዙም አያሳስብም፣ ሲነበብ ሰው ይስቅና ራሳቸው ይተዉታል። የሚያሳስበው የአንድ ሰው ስም በየገጹ ሲመላለስ ነው። ያ ሰው ደግ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ሸክም እሱ ላይ ወድቋል። ምስጋና አይበቃውም፣ ሰው ቅጠሩለት። እኛ ቤት ይህን ዘግይቼ ነው ያየሁት። ልጁ ሥራ ሊለቅ ሲል።

ደብተሩ መጀመሪያ ባዶውን ሊሰነብት ይችላል። እኛ ቤት ሁለት ሳምንት ማንም አልነካውም። ሰው የሚፈራው «ታገዝኩ» ማለት «አልቻልኩም» ማለት እንዳይመስልበት ነው። ስለዚህ አለቃው ይጀምር፣ የታገዘበትን ይጻፍ። እኔ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «የደንበኛው ልኬት ያለበት ወረቀት ጠፍቶብኝ ነበር። ጽዳቷ ከቆሻሻ ውስጥ ለቅማ ሰጠችኝ። ባትሰጠኝ ሰውዬውን ድጋሚ ለካልኝ ብዬ ልዋረድ ነበር።»

ሰኞ ስገባ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት መስመር ተጨምሮበት አገኘሁ።